ማስታወቂያው እስኪገባ

«ዝጉልኝ እሱን ጩኸት! ጭንቅላቴን እኮ በላው!» አለችና ሴትየዋ ጣቷን ወደ ቲቪው ጧ ጧ አደረገች።

ድንቡሼ ሪሞቱን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። ድራማው ገና መጀመሩ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ምን ቸገራት፤ ያቺ አልቃሻ ተዋናይ አለቀሰች አላለቀሰች ለሷ ግዷ አይደለም። በዚህ የሴቶች ፀጉር ቤት ግን ድራማ ማለት ሰዓት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግድግዳው ሰዓት ባትሪው ካለቀ ቆይቷል። ደንበኛ እያለ ደግሞ የሠራተኛ ስልክ ከመሳቢያ አይወጣም፤ የድንቡሼ እናት ሕግ ነው፣ ቤቱም የሷ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ፀጉሯን የማር መልክ ልታስቀባ የመጣች ሴት ሁሉ የምትታጠበው በድራማው ነው። ሲጀመር ትቀባለች፣ የመጀመሪያው ማስታወቂያ ሲገባ ትታጠባለች። ከዚያ ካለፈ ቀለሙ ፀጉር ይበላል። ይህን ዘዴ የፈለሰፈችው እታለም ናት፤ እስከ ዛሬም አሳፍሯት አያውቅም።

እታለም የቤቱ ዋና ፀጉር ሠሪ ናት። ድንቡሼን ገና ጥርሷን ሳትነቅል ጀምሮ ታውቃታለች። እናቷ ሥራ ሲበዛባት ከትምህርት ቤት እጇን ይዛ ታመጣት የነበረችው እሷ፣ ሹሩባ ያስተማረቻትም እሷ። ድንቡሼ የሚለውን ስም ያወጣችላትም እሷው ናት። ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል ደርሳ እንደ ሸንበቆ ብትቀጥንም ስሙ አልቀጠነም። ዛሬም የዚህችን ጯሂ ሴት ፀጉር ቀለም ቀብታ እንደጨረሰች፣ ከመጋረጃው ወዲያ የሌላ ሴት ፀጉር ልታጥብ ስትገባ «ድንቡሼዬ፣ አደራሽን! ማስታወቂያው ሲገባ ጥሪኝ» ብላት ነበር።

«አንቺ ልጅ! አትሰሚም? ደንቆሮ ነው እንዴ የሚቀጥሩት እዚህ ቤት?»

ሠራተኞቹ ይህቺን ሴት በሌለችበት «ሳይረን» ይሏታል፤ ከመታየቷ በፊት ስለምትሰማ። ሕንፃው በሙሉ የሷ ነው፤ ፀጉር ቤቱም የተከራየው ከሷ ነው። ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል እንዲሉ፣ እሷ ስትገባ የድንቡሼ እናት እንኳ በገዛ እጇ ወንበር ትጠርግላታለች። «ዝም አይነቅዝም» ይላል የእናቷ አፍ፤ ሁሌም እንዲሁ ነው የሚለው። ሳይረን ደግሞ ይህቺ ሪሞት ይዛ የቆመች ቀጭን ልጅ የማን ናት ብላ ጠይቃ አታውቅም። ለምንስ ትጠይቅ?

ድንቡሼ ቲቪውን አጠፋችው። «ግን እኮ ሰዓቱን የምናየው...» የሚለው ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው። ለእታለም ሄጄ ልንገራት ብላ ወደ መጋረጃው ስትዞር የሳይረን ጣት እንደገና ጧ አለ።

«ውሃ አምጪልኝ። ቀዝቃዛ።»

አመጣች።

«ይሄማ በረዶ ነው! ጉሮሮዬን ልታሳምሚኝ ነው?»

ሌላ አመጣች።

«ይሄ ደግሞ የምን እጣቢ ነው? ታች ሱቅ ሂጂና ደህና ውሃ ግዢ። ቶሎ በይ፣ ምን ትገተሪያለሽ? አይ፣ የዘንድሮ ልጅ! እግሩ ቄጤማ፣ ምላሱ ክንድ!»

ምላሷስ አንድ ክፉ ቃል አላወጣም ነበር። ድንቡሼ ደረጃውን ስትወርድ ጆሮዋ ይጮሃል፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ከውርደቱ በላይ ያናደዳት «እሺ እመቤቴ» ማለቷ ነው። እሺ እመቤቴ! የማን እመቤት?

ባለሱቁ ጥግ ላይ ባስቀመጣት ትንሽዬ ቲቪ ያንኑ ድራማ ያያል። ድንቡሼ ውሃውን ተቀብላ ስትዞር ተዋናይዋ ከስክሪኑ ላይ ጠፋችና የሳሙና ዘፈን ተጀመረ። ማስታወቂያው ገባ።

መሮጥ ነበረባት። እግሯም ለመሮጥ ተነስቶ ነበር። ከዚያ ግን በልቧ «ትጠብቅ» አለች። «ትንሽ ቢያቃጥላት ምን ትሆናለች? ሰው ስታቃጥል አይደል የምትውለው።» በሩ ላይ ካለው ባዶ የጠርሙስ ሳጥን ላይ ቁጭ አለች። ሳሙናው አለፈ፣ የሞባይል ካርዱ አለፈ፣ የቀለም ፋብሪካው አለፈ። ደስ አላት፤ እውነቱን መናገር ይሻላል፣ በጣም ደስ አላት። ድራማው ተመልሶ አልቃሻዋ ማልቀስ ስትጀምር ነው የተነሳችው።

ጩኸቱን የሰማችው ደረጃው ላይ ነው።

ስትገባ ሳይረን ከመታጠቢያው ወንበር ላይ ተነስታ ቆማለች። ፀጉሯ፣ ወይ ጉድ! ማርም አይመስል፣ ወርቅም አይመስል፤ ቁርጥ ካሮት ነው። ግንባሯ አካባቢ ያለው ደግሞ እታለም በነካችው ቁጥር እንደ ደረቀ ሣር እጇ ላይ ቅንጥስ ቅንጥስ ይላል። ሳይረን ትከሻዋ ላይ የነበረውን እርጥብ ፎጣ አንስታ የእታለም ፊት ላይ ወረወረችው።

የድንቡሼ እናት ከሒሳብ መቀበያው እየሮጠች መጣች። «ምንድን ነው? ማን ነበር ጊዜውን የሚጠብቀው?»

እታለም ፎጣውን ከፊቷ ላይ አነሳች፣ ድንቡሼን አየቻት፣ የጠፋውን ቲቪ አየችው፣ ከዚያ ወደ ድንቡሼ እናት ዞረች።

«እኔ ነኝ እትዬ። ረሳሁት።»

«ረሳሁት?» አለች ሳይረን። «ሰው አበላሽቶ ረሳሁት! ነገ በስንት ሰው ፊት የምቆም ሴት ነኝ!» ጣቷን የድንቡሼ እናት አፍንጫ ድረስ አስጠጋች። «ስሚኝ፣ ወይ ይህቺን አሁኑኑ ታባርሪያለሽ፣ ወይ ቤቴን ትለቂልኛለሽ። ከመሄዷ በፊት ደግሞ እግሬ ላይ ወድቃ ይቅርታ ትለኛለች።»

ሁሉም የድንቡሼን እናት ጠበቀ። እናቷ ወለሉን አየች።

እታለም እርጥቡ ወለል ላይ ተንበረከከች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አልሰማሁም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እመቤቴ።»

ድንቡሼ ውሃውን እንደታቀፈች ምድር ተከፍታ ብትውጣት ተመኘች። ምድር ግን እንዲህ ባለ ጊዜ ተከፍታ አታውቅም።

ትንሽ ቆይታ ጓዳ ስትገባ እታለም ማበጠሪያዎቿን እያጠራቀመች ነው። የራሷ ናቸው፤ በደህና ቀን አንድ በአንድ የገዛቻቸው። በጨርቅ እየጠቀለለች ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ጉልበቷ ላይ ቀሚሷ ርሷል።

«እታለም... ለምን እንዲህ አልሽ? የኔ ጥፋት እኮ ነው።»

«ዝም በይ፣ ሞኝ።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «እኔ ሌላ ፀጉር ቤት አላጣም። አንቺ ግን ሌላ እናት አታገኚም። ደግሞ ማን አይረሳም?»

እዚህ ላይ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ይቅርታው እጇ ገብቷል። ግን ያ «ማን አይረሳም» የሚለው ቃል እንደ እሾህ ወጋት።

«አልረሳሁትም» አለች ድንቡሼ። «ሱቁ ውስጥ ማስታወቂያው ሲገባ አይቻለሁ። አውቄ ነው የቆየሁት። ትቃጠል ብዬ።»

የእታለም እጅ ቆመ።

«አውቀሽ?»

ድንቡሼ ራሷን ነቀነቀች። እታለም ለረጅም ጊዜ አየቻት። ይህን አስተያየቷን ድንቡሼ ከዚህ በፊት አይታው አታውቅም፤ እንደ ማንኛዋም ደንበኛ ነው ያየቻት።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እሷን የመታሽ መሰለሽ አይደል? በማን እጅ ነው የመታሻት? በኔ እጅ! እኔ ነኝ እኮ ራሷን ይዤ የነበርኩት።» ቦርሳዋን ዘጋች። «ብትረሺው ይሻለኝ ነበር።»

በጓሮ በር ወጣች። በሩ እንኳ አልጮኸም።

ድንቡሼ እዚያው እንደቆመች መጋረጃው ተገለጠና እናቷ ገባች። የሳይረንን ፀጉር በጥቁር ቀለም ልትሸፍንላት ጀምራ፣ ግማሽ ላይ ቀለሙ አልቆባት ሌላ ልትበጠብጥ ነው።

«እማዬ፣ እታለም አይደለችም። እኔ ነኝ።»

«አውቄያለሁ» አለች እናቷ፣ ከጎድጓዳ ሳህኑ ቀና ሳትል። «ቲቪው ጠፍቶ ሳየው ገብቶኛል።»

ይህን አልጠበቀችም። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበላት? የኔ ልጅ ናት ልበልና ሁላችንም ሜዳ ላይ እንቅር? ንዴቷ ሲበርድላት እታለምን እጠራታለሁ። እሷ ብልህ ናት፣ ይገባታል። ዝም አይነቅዝም ልጄ።»

«ተንበረከከች እኮ፣ እማዬ።»

መበጥበጫው ሳህኑ ውስጥ ቆመ።

«አይቻለሁ» አለች እናቷ። «አይቻለሁ። አሁን ዞር በይልኝ፣ የቀባሁት ሳይደርቅ።»

ድንቡሼ ዞር አለች፤ ግን ወደ ጓሮ በር ሳይሆን ወደ ውስጥ ነው የሄደችው። ሳይረን መስታወቱ ፊት ተቀምጣ በስልክ ታወራለች፤ ቀኝ በኩሏ ከሰል፣ ግራ በኩሏ ካሮት። «እነዚህን ሰዎች ካላጠበቅሽባቸው...» ስትል መስታወቱ ውስጥ ድንቡሼን አየቻት።

«ምን ትገተሪያለሽ?»

«ያጠፋችው እታለም አይደለችም» አለች ድንቡሼ። ድምጿ ቀጥኖ ወጣ፤ ቢሆንም ወጣ። «ጊዜውን እንድጠብቅ የተነገረኝ እኔ ነኝ። የምጠብቀው በቲቪው ነበር። ዝጉ ሲሉኝ መናገር ነበረብኝ፣ ፈራሁዎት። በኋላ ደግሞ ሱቅ ሲልኩኝ ሰዓቱ መድረሱን እያወቅኩ ሆነ ብዬ ዘገየሁ። ተናድጄብዎት ነበር። እሷ ያላጠፋችውን ነው ይቅርታ የጠየቀችዎት።»

ሳይረን ስልኩን ከጆሮዋ ላይ አወረደች። ፊቷ ከካሮቱ ጋር ተመሳሰለ።

«አንቺ ባለጌ! የማን ልጅ ናት ይህቺ? ማን ነው ያሳደገሽ?»

ድንቡሼ ከኋላዋ መጋረጃው ሲገለጥ ሰማች።

«የኔ ናት» አለች እናቷ።

ሳይረን ከወንበሩ ተፈናጥራ ተነሳች። «ከዚህ በኋላ እዚህ ቤት አንዲት ደቂቃ አልቀመጥም! የኪራይ ውሉንም እርሺው!» እያለች ቦርሳዋን ነጥቃ ወደ በሩ ገሰገሰች። በሩ መስታወት ነው። እዚያ ላይ ራሷን አየችው፤ ግማሽ ከሰል፣ ግማሽ ካሮት። ከደረጃው ታች መንገዱ የቅዳሜ መንገድ ነው፣ ሰው ይርመሰመሳል። እጇ እጀታው ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተመልሳ መጣችና ማንንም ሳታይ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ማንም አልሳቀም። በሌላ ቀን ቢሆን እንዴት ባሳቀ!

«እጨርስልዎታለሁ» አለች እናቷ። «ልጄ ላጠፋችው ይቅርታ፤ ይሄን በራሴ ስም ነው የምጠይቀው። እታለምን ግን አላባርርም። ለውሉ እንዳሰቡት ያድርጉ።» ወደ ድንቡሼ ሳትዞር «ሂጂ» አለቻት።

«እምቢ ብትለኝስ?»

«እምቢ ብትልሽ እኔ ራሴ ቤቷ እሄዳለሁ። ሩጪ!»

እታለም አውቶቡስ መጠበቂያው ሰልፍ ላይ ነበረች። ድንቡሼ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆርጦ፣ በመንገድ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፍቶባት ነበር። ሰልፈኛው ዞሮ ያያታል።

«ነገርኳት» አለች።

«ለማን?»

«ለሷ። ሁሉንም። አውቄ መዘግየቴንም።»

እታለም ቦርሳዋን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረች። «ምን አለችሽ?»

«ባለጌ አለችኝ።»

«እሱስ እውነቷን ነው።» አልሳቀችም። «እትዬስ?»

«የኔ ናት አለቻት። እታለምን አላባርርም አለቻት። ከዚያ ሩጪ አለችኝ።»

የእታለም ዓይን ወደ መንገዱ ሄደና ተመለሰ። ድንቡሼ «ይቅር በይኝ» ልትል ፈለገች፤ ግን ዛሬ እዚያ ወለል ላይ ያ ቃል ምን እንደሆነ ስላየች፣ አሁን ለመናገር አፈረች።

«ነይ ብዬ አልለምንሽም» አለች በመጨረሻ። «ዝም ብዬ እዚህ እቆማለሁ። ብትሄጂም ገብቶኛል።»

አውቶቡሱ መጥቶ በሩ ተከፈተ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ከፊት ያሉት ገቡ፣ የእታለም ተራ ደረሰ። አንድ እግሯን አንስታ ቆየችና መልሳ መሬት ላይ አሳረፈችው።

«እርስዎ ይለፉ» አለቻቸው ከኋላዋ ላሉት አሮጊት።

አሮጊቷ አለፉ። ከሳቸው ቀጥሎ ያለውም አለፈ። ድንቡሼ ቦርሳውን ልታግዛት እጇን ዘረጋች። እታለም አልሰጠቻትም። አውቶቡሱ ላይም አልወጣችም።