አራት ደቂቃ ሳይነቃነቁ

«ከአሁን ጀምሮ አራት ደቂቃ። ከተነቃነቅሽ ጥርስሽን የሚያለብሰው ክራውን ልክሽ አይሆንም፤ እንደገና ነው የምንጀምረው» አለች የጥርስ ሐኪሟ፣ የጥርስ ቅርፅ የሚታተምበትን ሊጥ መሰል ነገር የሞላችበትን ብረት በልጅቷ የላይኛ ጥርሶች ላይ እየተጫነች።

ትምህርት ቤት «አዲሷ» ይሏታል፤ ከገባች ገና ሁለት ወሯ ነው። የተሰበረው የፊት ጥርሷ ዛሬ ተሞርዶ ጉቶ ሆኗል። ሐኪሟ ድዱን በቀጭን ክር ገፋ አድርጋ፣ የጉቶው ጠርዝ ጥርት ብሎ እንዲታተም ዙሪያውን ፈሳሽ ቀብታዋለች። አሁን ሊጡ እስኪጠነክር መተንፈስ በአፍንጫ ብቻ ነው። ምራቋ በአገጯ ይወርዳል።

ከወንበሩ አጠገብ የሐኪሟ ልጅ ቆማለች። ከክፍል ልጆች ሁሉ አዲሷን የምታናግራት እሷ ብቻ ናት። የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ እግሯን ዘርግታ የጠለፈቻትም እሷው ናት። ልጆቹ ሲስቁ አብራ ሳቀች፤ ደሙን ስታይ ግን ጆሮዋ ስር መጥታ፣ «ተናገሪና ማን እንደሚያናግርሽ አያለሁ» አለቻት።

«እማ፣ እያት እስቲ! ለሃጯን ስታዝረበርብ። ፎቶ ላንሳት?»

«ተይ አንቺ!» አለች ሐኪሟ፤ እሷም ግን ፈገግ ብላለች። «ቆይ፣ እንዴት ነው የወደቀችው?»

«ራሷ ናታ! ዓይኗን ሰማይ ላይ ሰቅላ ስትሄድ። እኔ ባልይዛት አንገቷም ይሰበር ነበር።»

ከአዲሷ ጉሮሮ አንድ ድምፅ ተነሣ። ምላሷ ሊጡን ሊገፋው ቃጣ። ሐኪሟ አገጯን ጨምድዳ ያዘች።

«እንዳትነቃነቂ ብያለሁ! እውነቷን ነው? ከሆነ ጣትሽን ብቻ አንሺ።»

የሐኪሟ ልጅ ፈጠን ብላ የአዲሷን እጅ ያዘች፤ ላየ ሰው የምታጽናናት ይመስላል። ጥፍሯን አዲሷ መዳፍ ውስጥ ሰክታ፣ አመልካች ጣቷን ከስር ወደ ላይ ትገፋው ጀመር።

«አንሺያ፣ የኔ ቆንጆ።»

ነገ ትምህርት አለ። አዲሷ ራሷን በእረፍት ሰዓት ከአጥሩ ስር ብቻዋን ቆማ አየቻት።

አንገቷን ድንጋይ አደረገችው። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ሲወርድ እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። የሐኪሟን ዓይን ሳትለቅ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ሰበሰበችና ጨበጠች።

ሐኪሟ የተጨበጠውን እጅ አየች። ቀጥላ የልጇን ጥፍር አየች። ፈገግታዋ ጠፋ።

«ሁለት ደቂቃ ቀርቷል» አለች በዝግታ። «ከዚያ ራሷ ትነግረኛለች።»