አራተኛው መስመር

«አቶ ሙሉካ፣ አውራ ጣትዎን እዚህ ያሳርፉ» አሉ ጋሽ ተክለጻድቅ፣ ቀለም የጠጣውን ጨርቅ ወደ ጸሐይ አባት እያስጠጉ።

ጋሽ ተክለጻድቅ ዲላ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ከዋንዛው ሥር ማመልከቻ ይጽፋሉ። ጸሐይ ሰባተኛ ክፍል የምትማረውም እሳቸው ቤት ተጠግታ ነው። አባቷ ከገጠር የመጣው ባለመሬቱ «ቡናው የኔ ነው» ስላለበት ነበር። ከጌዴኦኛ ሌላ ቋንቋ አያውቅም።

ማስተርጎም ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በየዓረፍተ ነገሩ እያስቆሙ መሄድ ነው፤ እንደ ኤሊ ያዘግማል። ሌላው ተናጋሪው እስኪጨርስ ጠብቆ በአንድ ትንፋሽ ማፍሰስ ነው። ጸሐይ የአባቷን ቃል ለጋሽ ተክለጻድቅ ስታስተረጉም ሁለተኛውን መረጠች። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች «የፍርድ ቤቱን አስተርጓሚ አስናቀች» አሏት፤ ደስ አላት፣ ለምን ይዋሻል።

«ቆይ» አለ አባቷ በጌዴኦኛ። «ያልሰማሁትን አልፈርምም። መስመር በመስመር ንገሪኝ።»

ወረቀቱን አንስታ ጀመረች። እስከ ሦስተኛው መስመር ደህና ነበር። አራተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች፦ «ባለመሬቱ ከመጡ በኋላ አባቴ ቡናውን ተከለ።»

አባቷ ሲያወጋ ልማዱ ነው፤ ከዛሬ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። የባለመሬቱን መምጣት አስቀድሞ፣ የአባቱን፣ የአያቷን ማለት ነው፣ ቡና መትከል በመጨረሻ ነበር የተናገረው። እሷ በሰማችው ቅደም ተከተል አፈሰሰችው፤ ጋሽ ተክለጻድቅም እንዳለችው ጻፉት። እዚህ ላይ ከፈረመ፣ ቡናው በሰው መሬት ላይ የተተከለ ይሆናል፤ አባቷ በገዛ ጣቱ አስረከበው ማለት ነው።

አባቷ ፊቷን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰውየው ነው ያበላሸው?»

«አዎ» ማለት ምንኛ ይቀላል። ጋሽ ተክለጻድቅ ጌዴኦኛ አይሰሙም፤ ማንም አያውቅባትም። ዛሬ ራቷን የምትበላው ግን ከእሳቸው ልጅ ከየትምወርቅ ጋር፣ ከአንድ ትሪ ነው።

«እኔ ነኝ አባዬ» አለችው። ቀጥላም በአማርኛ፣ ተራ ጠባቂዎቹ እየሰሙ፣ «ጋሼ፣ ስሕተቱ የኔ ነው። አራተኛው መስመር ይሰረዝልን» አለች።

ጋሽ ተክለጻድቅ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሥርዝ ያለበት ወረቀት አይቀበሉም። ሁሉም እንደገና ይጻፋል።»

«እዚሁ ሊመሽብን ነው» ብሎ አንዱ ከኋላ አጉረመረመ።

ጸሐይ ጆሮዋ ጋለ። ንጹሕ ወረቀት ለጋሽ ተክለጻድቅ አቀበለችና ከአባቷ ጎን ተቀመጠች።

«አባዬ፣ አያቴ ቡናውን ከተከሉበት ቀን ጀምርልኝ» አለችው። «አንድ ነገር ብቻ በልና ጠብቀኝ።»