ለትንንሽ ሥዕሎች የሚሆን ሳንቃ

ሐረገወይንን ከቀለሙ ይልቅ የሚቀባበት ነገር ነበር የሚያስጨንቃት። የክብሪት ሳጥን በምታህል ቦታ ላይ የሰው ፊት በዘይት ቀለም የሚሥል ሰው ሌላ ምን ያስጨንቀዋል? ሸራ ሞክራለች፤ የክሩ ቀዳዳ የዓይን ሽፋሽፍቱን ይውጠዋል። መስታወት ቀለሙን ያንሸራትተዋል። ከእምነበረድ ቆራጮች ግቢ ለምና ያመጣችው ስባሪ ውብ ነበር፤ ግን ለደንበኛ ሲላክ መንገድ ላይ እየተሰነጠቀ ደረሰና ሁለት ደንበኞች በራሷ የቴሌግራም ቻናል ላይ በሰው ፊት አዋረዷት። መዳብ ደህና ነበር፣ ደሴ ላይ መዳብ ከየት ይመጣል እንጂ። ኮምፔንሳቶ ደግሞ የተልባ ዘይቱን እንደ ደረቅ መሬት ይጠጣውና ጉንጩ በሳምንቱ ይገረጣል።

ይህ ሁሉ ድካም ለኤዶም ነው። ኤዶም ስድስት ዓመቷ ነው፤ አባቷ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር፣ እዚያው መስመር ላይ ሌላ ቤት ሠርቶ ቀረ። ክረምት በመጣ ቁጥር የልጅቷ ደረት እያፏጨ ያድራል። ሐረገወይን ከእሷ በቀር ማንም የላትም፣ እሷም ከእናቷ በቀር ማንም የላትም። ሥዕሉን የምትሸጠው፣ ልጅቷን ለማንም ሳትተው ከቤቷ ሳትወጣ እንድትሠራ ነው።

በነሐሴ መጀመሪያ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ሄደች። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ጋሽ ይመር እናቷን በደንብ የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። አሮጌ እንጨት እንዳለ ስትጠይቃቸው ድንኳን እያጠፉ ነበርና ቀና ሳይሉ፣ «ከጓሮ በኩል የተሰባበሩ አግዳሚ ወንበሮች አሉልሽ፣ የፈለግሽውን ውሰጂ ልጄ» አሏት። ወንበሮቹን አየቻቸው፤ ምስጥ በልቷቸዋል። ከበሩ ኋላ ግን ለብቻው የቆመ ረጅም የዋንዛ ሳንቃ ነበር። እጇን ስታሳርፍበት ደነገጠች። ማንም ያልላገው እንጨት እንዲህ ይለሰልሳል? ጠርዙ ሁሉ ክብ ሆኗል፣ መሐሉ በሰው ወዝ ጠግቦ ያብረቀርቃል። ይሄንን ነበር ስፈልግ የኖርኩት ብላ፣ ሳትጠይቅ ተሸክማው ወጣች።

እንጨቱ ጉድ ነበር። ብርጭቆ ወረቀት አላስፈለገውም፤ ከቀለም በፊት የሚቀባውን ነጭ ልስን በስሱ እንዳስነካችው ተቀበላት፣ ቀለሙም ባስቀመጠችው ቦታ ረግቶ ይቀመጣል። አንድ ነገር ብቻ ደስ አላላትም። ስትቆርጠው የሚወጣው ብናኝ የዋንዛ ሽታ የለውም፤ ዝናብ ያገኘው አዲስ የተቆፈረ አፈር ይሸታል። መጋዙን ስታቆም ደግሞ ከውጭ፣ ብዙ ሰው አንድ ላይ በዝግታ ጭቃ እየረገጠ የሚያልፍ የሚመስል ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ይቀጥላል። በሩን ከፍታ አየች። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ግቢውን ሞልቶታል፣ ሰው የለም። የዝናብ ውኃ ነው የሚንጠባጠበው ብላ ተመለሰች።

የመጀመሪያው ሥዕል ለኮምቦልቻ ደንበኛ የተሠራ የአንድ አባት ፊት ነበር። መጠኑ እንዲታወቅ ሁሌም እንደምታደርገው በግራ መዳፏ ላይ አስቀምጣ በቀኟ ስልኳን ይዛ አነሳችውና ቻናሏ ላይ ለቀቀችው። ከሰዓት በኋላ አንዲት የአዲስ አበባ ደንበኛዋ ጻፈችላት። «ሥዕሉ ግሩም ነው እህቴ። ከሥር የደገፈልሽ ሰው ማን ነው?»

ፎቶውን አሰፋችው። ከእሷ መዳፍ ሥር፣ ጨለማው ውስጥ፣ ሌላ እጅ ነበር። ወፍራም፣ ጥፍሩ አፈር የያዘ የወንድ እጅ። ፎቶውን ስታነሳ ኤዶም የክረምት ትምህርት ሄዳ ቤት ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ስልኩ ተበላሽቷል አለች፤ ሰው ሲፈራ ቶሎ የሚያገኘው መልስ እንዲህ ያለው ነው። ፎቶውን አጥፍታ ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ እንደገና አነሳችው፣ ደንበኛውም ወሰደው።

ሁለተኛው ሥዕል የአንዲት ሙሽራ ነበር፤ ፎቶው ላይ ከሥር ሁለት እጆች ነበሩ። በሦስተኛው ሦስት። እጆቹ አይመሳሰሉም፤ አንደኛው የሽማግሌ ነው፣ አንደኛው ገና የጎረምሳ ለጋ እጅ። ሐረገወይን ለማንም አልተናገረችም። ማን ያምናታል? ደግሞ ሥዕሎቹ እንደ ጉድ እየተፈለጉ ነበር፣ ኤዶምም አዲስ ሹራብ ለብሳ ደረቷ ሻል ብሏታል። እንዲህ እየሆነ ማቆም ከባድ ነው፣ እውነቱን እንነጋገር።

አራተኛውን ለሽያጭ አልሠራችውም። ኤዶምን ነበር የሣለችው፣ ሹራቧን ለብሳ፣ አንድ የፊት ጥርሷ ወልቆ። ከሥዕሎቿ ሁሉ ያማረ እሱ ነው። ማንሳት አልነበረባትም፤ ግን አነሳችው። አራት እጆች ነበሩ። አንዳቸውም ሥዕሉን አልነኩትም፤ ሁሉም ከእሷ መዳፍ ሥር ገብተው እጇን ወደ ላይ ያነሱ ነበር። እሷ ግን ያየችው የልጇን ፊት ብቻ ነው። ልጄን ሊወስዱብኝ ነው አለች።

በማግስቱ ኤዶምን የክረምት ትምህርት አድርሳ በቀጥታ ወደ ጋሽ ይመር ሄደች። ሳንቃውን ከየት እንዳነሳችው ስትነግራቸው ሽማግሌው የያዙትን ገመድ አስቀመጡ።

«ከበሩ ኋላ ያለውን? አንቺ ልጅ፣ እሱ እኮ የድሮው ቃሬዛ ነው። የብረቱ ሲገዛ አዛውንቶቹ አይሸጥም አይቃጠልም ብለው ነው ያስቀመጡት።»

«በጣም ለስላሳ ነበር፣ ጋሽ ይመር።»

«እንዴት አይለሰልስ? ስንት ሰው ጭነንበታል። የተሸከመው ሲደክመው ሌላው ከጎኑ ይገባና ሳይናገር ይቀበለዋል። እንዲያ እየተቀባበልን ነው መቃብር የምናደርሰው።» ገመዱን መልሰው አነሡ። «የተረፈውን አምጪው። በሙሉ።»

ቤቷ ተመለሰች። የኤዶምን ሥዕል በቢላ ፋቀችው። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና መጀመሪያ ሹራቡ፣ ከዚያ አገጩ፣ ከዚያ ዓይኖቹ እየተላጡ ቢላውን በምታብስበት ጨርቅ ላይ ቀሩ። እያለቀሰች ነበር የፋቀችው። «እሷን ብቻ ተዉልኝ» አለች ባዶውን ክፍል፣ «እሷን ብቻ።» ነጭ እንጨት ሆኖ ሲቀር ከተረፈው ሳንቃ ጋር አስራ በትከሻዋ ተሸከመችው።

አራት ሰዓት ገደማ ነበር፤ ጉሙ ግን ቀኑን ለመምሸት የቀረበ አስመስሎታል። አንድ ሳንቃ እንዲህ መክበዱ ገረማት። አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ትከሻዋ ዝሎ ነበር። ቁልቁለቱን የሚወርድ የጭነት መኪና ድምፅ ሰማች፣ መብራቱ ጉሙን አነጣው፣ ፍሬኑ ረጅም ጮኸ፣ ከዚያም ጸጥ አለ። ወዲያው አንድ ሰው ከጎኗ ገብቶ ሸክሙን ከትከሻዋ ተቀበላት። እግዜር ይስጥልኝ አለችው። ሌላው ከፊት ገባ፣ ሌሎች ሁለት ከኋላ። ምን ያህል እንደቀለላት መናገር ያስቸግራል፤ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስላትም ነበር።

በየሱቁ በር የተቀመጡ ሰዎች እየተነሡ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ አንዳንዶቹም ጥቂት እርምጃ ተከተሏቸው። ደግ ሰፈር ነው አለች በልቧ። ሳንቃው ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው፣ ልጄ ተረፈች። ይህን ስታስብ ለመጀመሪያ ጊዜ በወሩ ውስጥ ደረቷ ሰፋ አለ። የባሕር ዛፎቹ ጫፍ ከላይዋ ቀስ እያለ ያልፋል፤ ከጫፎቹ በላይ ጉም ብቻ ነው ያለው። መንገዱን ለማየት አንገቷን ልታዞር ሞከረች፣ አልዞር አላት።

ከዚያ ኤዶምን ሰማቻት። ከጎኗ ነበረች፣ ሹራቧ ላይ ትልቅ የሴት ነጠላ ተዘቅዝቆ ተደርጎላት፣ እጇን ጋሽ ይመር ይዘውታል። ለምን ከትምህርት ቤት እንደወጣች ልትጠይቃት ፈለገች፤ ልጅቷ ግን ወደ ተሸካሚዎቹ እያየች አንድ ነገር በሹክሹክታ ጠየቀች።

ጋሽ ይመር ጎንበስ አሉና፣ «እናትሽ ከብዳቸው አይደለም፣ ልጄ፤ መንገዱ ስለሚያዳልጥ ነው ቀስ የሚሉት» አሏት።