ቀላሉን ጥያቄ ለእኔ

መስታወት ቆራጭ ነኝ። እጄ ዝግ ያለ ነው፤ አፌ ግን አያድርስ! የዛን ቅዳሜ ከሰዓት የቤተ መጻሕፍቱን የተሰነጠቀ መስኮት ልቀይር ሄጄ፣ መሰላል ላይ ቆሜ መስታወቱን የያዘውን የደረቀ ስቱኮ እየፋቅሁ ነበር። ከሥሬ፣ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ፣ አሥር የሚሆኑ ትልልቅ ሰዎች ለቅዳሜ ትምህርት ተቀምጠዋል። ነርስ አለች፣ ልብስ ሰፊ አለ፣ ጡረታ የወጡ ሾፌር አሉ። ፊታቸው የቆመችው የሒሳብ መምህርት ናት።

«ሦስት ሣጥን አለ» አለች። «በአንዱ ሚስማር፣ በአንዱ ብሎን፣ በአንዱ የሁለቱ ድብልቅ። የተለጠፈባቸው ጽሑፍ ግን የሦስቱም ስህተት ነው። ከአንድ ሣጥን አንድ ዕቃ ብቻ አውጥታችሁ ሦስቱንም ለዩ። ከየትኛው ታወጣላችሁ?»

እኔን ማን ጠየቀኝ? አፌ ቀደመኝ።

«ከፍቶ ማየት ነዋ! ይሄም ጥያቄ ሆኖ!»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቀና ብላ አየችኝ... እውነቱን ልንገራችሁ፣ መፋቄን አቆምኩ። ዓይኗ ውስጥ ንቀት አልነበረም። ሰባተኛ ክፍል እያለሁ የሒሳብ አስተማሪዬ «ያንተ ጭንቅላት ባርኔጣ መስቀያ ነው» ብሎ ክፍሉን ሙሉ አሳቀብኝ። ትምህርት ያቆምኩት ያን ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥር የሚያስተምር ሰው እንደ እሷ አይቶኝ አያውቅም።

«መስኮቱን ሲጨርሱ ይምጡና ይቀመጡ» አለችኝ።

«እሺ፤ ግን አንቱ አትበይኝ፣ ያረጀሁ ይመስለኛል።»

አሁን ሳቀች።

አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። በመጨረሻ ገባኝ፦ «ድብልቅ» ከሚለው ነው የሚወጣው። ጽሑፉ ስህተት ስለሆነ እሱ ድብልቅ ሊሆን አይችልም፤ ሚስማር ከወጣ ሣጥኑ ሙሉ ሚስማር ነው። «ብሎን» የሚለው ደግሞ ብሎን ሊሆን ስለማይችል፣ ሚስማሩም ስለተገኘ፣ ድብልቁ እሱ ነው፤ የቀረው ብሎን። «አገኘሁት!» ብዬ ስጮህ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ከዳር «ኧረ ቀስ!» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቀረሁ ማለት ዘበት ሆነ። መምህርቷ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አቅሙ አንድ አንድ ካርድ ትሰጣለች። በበረታህ ቁጥር ካርዱ ይከብዳል። የሰጠችበትንና የጨረስክበትን ሰዓት ጥጉ ላይ ትጽፋለች። የጨረሰ ሰው ጠረጴዛዋ ጋ ሄዶ እንዴት እንዳሰበው ያስረዳል።

«መጀመሪያ የተሰጠህን ጻፍ» ትለኝ ነበር። «ከዚያ ያልተሰጠህን ከራስህ ጨምረህ እንደሆነ ፈትሽ። ከፊት አልሄድልህ ካለ ከኋላ ተነስ።»

እኔ እኮ የምይዘው አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን ጥጉ የተሰነጠቀ ትልቅ መስታወት መጣ፤ ከእሱ የስድስት ፍሬም መስታወት መውጣት አለበት፣ ባልደረቦቼ ሁሉ «ከአምስት አያልፍም» አሉ። የመቁረጫ አልማዜን አስቀምጬ ወረቀት አወጣሁ። ከትልቁ ሳይሆን ከትንሿ ፍሬም፣ ከኋላ ተነሳሁ። ስድስቱም ወጡ! ቅዳሜ ስነግራት እንደ ልጅ አጨበጨበች። ያኔ ነው የወደድኳት መሰለኝ። ወይም ቀደም ብሎ፣ እንጃ።

አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ግን ወዲያው ነቃችብኝ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ሸሚዝ መተኮስ ምን አመጣው? ሒሳብ በሸሚዝ ነው እንዴ የሚሠራው?»

«እትዬ ሙች፣ ተይኝ።»

በስምንተኛው ሳምንት ነገር ተበላሸ። ካርዴን ሳየው «ሦስት ሰው በሦስት ደቂቃ ሦስት መስታወት ቢቆርጥ፣ መቶ ሰው መቶ መስታወት በስንት ደቂቃ ይቆርጣል?» ይላል። ሦስት ነዋ! ገና ሳልቀመጥ ጨረስኩት። አጠገቤ ነርሷ ሙሉ ገጽ ላይ ተደፍታለች።

«ጨረስክ? ና እንግዲህ» አለችኝ መምህርቷ ፈገግ ብላ። ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ አወራን። የእናቷን ጉልበት ሕመም ነገረችኝ፤ እኔም የሰባተኛ ክፍሉን አስተማሪ ነገርኳት። ለማንም ያልነገርኩትን! ደስ ብሎኝ ወጣሁ፤ ግን ካርዱ ውስጤን ከነከነኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ከዚያ የቀለለ መጣ። በአሥረኛው ደግሞ «አንዲት እናት አራት ሴት ልጆች አሏት፤ እያንዳንዷ አንድ ወንድም አላት። የእናትየው ልጆች ስንት ናቸው?» የሚል። ቤት ይዤው ሄጄ ለእህቴ አነበብኩላት።

«አምስት ነዋ!» አለች ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ደሜ ፈላ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና ካርድ ሳታድል ፊቷ ቆምኩ።

«ለእኔ የሚመጥነኝ ይሄ ነው አይደል? የሌላው ሲከብድ የእኔ የሚቀለው ደደብ ብመስልሽ ነው! ታሪኬን ነግሬሽ... አንቺም እንደሱ!»

ፊቷ አመድ መሰለ። «አይደለም... እንደሱ አይደለም...»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ወደ ሰዎቹ ዞራ አየች። በእጇ የያዘቻቸውን ካርዶች መደርደር ጀመረች። በሩን ደርግሜው ወጣሁ።

ሌላ ከተማ የሁለት ዓመት የፎቅ መስታወት ሥራ ከተለመንኩ ሰንብቷል። በዚያው ሳምንት «እመጣለሁ» አልኩ። እሑድ ጠዋት መሄዴ ነው። ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ፤ ምግብ አይወርድልኝም፣ ለእህቴ ግን «ተገላገልኩ» እላለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት እህቴ ልብሴን ስታጣጥፍልኝ ካርዶቹን አገኘቻቸው።

«እነዚህን ልጣላቸው?»

«ጣያቸው... ቆይ! አትጣያቸው።»

እህቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ስማ ወንድሜ። ሦስት ወር ሙሉ በዚህ ነገር ጆሮዬን ስታደነቁረው ከርመህ እኔም ተምሬያለሁ። ምን ነበር የተሰጠህ?»

«ቀላል ካርድ።»

«ከራስህ የጨመርክበትስ?»

ካርዶቹን ከእጇ ወሰድኩ። መምህርቷ «ደደብ ነህ» አላለችኝም። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ! ካርዶቹን በተርታ ደረደርኳቸው። እስቲ ከኋላ ልነሳ። ካርዱ ቢቀል ምን ይሆናል? ቶሎ እጨርሳለሁ። ቶሎ ብጨርስስ? ጥጉ ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። በከባዶቹ ሁሉ የጨረስኩት ለአሥር አምስት ጉዳይ ነው፤ በስምንት ተጀምሮ አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ይበተናል። በሦስቱ ቀላሎች ግን ስምንት ከአምስት፣ ስምንት ከሦስት... የቀረውን ሰዓት ከማን ጋር ነው ያሳለፍኩት?

«እትዬ! ቶሎ እንድጨርስላት ነው! እንድናወራ!»

«አይ የኔ ወንድም» አለች ራሷን እየነቀነቀች። «ለዚች ደግሞ ሒሳብ ያስፈልግ ነበር? በል ሩጥ!»

ሮጥኩ። ስደርስ ሁሉም ካርዳቸው ላይ ተደፍተዋል። እሷ ጠረጴዛዋ ጋ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ሦስቱን ካርዶች ፊቷ ዘረጋሁ።

«መልስ ይዤ መጣሁ።»

«የምኑን?» ድምፅዋ ቀጠነ።

«ቀላሉን ለእኔ የምትሰጪበትን ምክንያት። ቶሎ እንድጨርስና አጠገብሽ እንድቀመጥ ነው። ከተሳሳትኩ ንገሪኝ፣ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ሁለት ዓመት ነው የምሄደው።»

ካርዶቹን አየች፤ ጥጉ ላይ የጻፈችውን ሰዓት በጣቷ ነካች።

«አልተሳሳትክም» አለች በመጨረሻ። «ግን ለራሴ ደስታ ብዬ አንተን አሳነስኩህ። አስተማሪህ ያደረገህን እያወቅሁ! ይቅር በለኝ። ሰውን 'ስህተት አትፍሩ' እያልኩ አስተምራለሁ... እኔ ግን እምቢ ብትለኝስ ብዬ ቀላሉን ቃል ፈራሁ።»

«የቱ ቃል?»

«እወድሃለሁ።»

የዚያን ዕለት ከአፌ እጄ ቀደመ! እጇን ያዝኩና እንባዬን በሸሚዜ እጅጌ ጠረግሁ። ያልተተኮሰ ሸሚዝ ነበር።

«እሰይ!» አሉ ጡረተኛው ሾፌር ከጠረጴዛው ማዶ። «ኧረ እኛማ ከገባን ቆየን! ሦስት ሳምንት ሙሉ ጨርሰን ስናበቃ፣ ለእናንተ ስንል ነው የተደፋነው። አንገታችን ተቆልምሞ ቀረ እኮ!»

ነርሷ እስክታለቅስ ሳቀች።

እሑድ አልሄድኩም። ለፎቁ ሥራ ባልደረባዬን ተካሁላቸው፤ ከእኔ የተሻለ ታጋሽ ነው። በዓመቱ ተጋባን፤ ይኸው አራተኛ ዓመታችን ነው።

አሁን ካርዶቼ ከባድ ናቸው፤ ለማንም የማትሰጠውን ነው ለእኔ የምትሰጠኝ። ያሁኑ ይኸው ሳምንት ሆነው፣ አልተፈታልኝም። እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ የተማሪዎቿን ደብተር ታርማለች፤ እኔም አልቸኮልኩም።