ከወረቀቱ የቀረው መስመር

«ባሕሩ ሲቆጣና ጀልባ መውጣት ሲያቅተው ልጆቼ ምን ይብሉ?»

ሰዉ በአክብሮት «ናንግ» የሚላት ኦሳንግ ይህን የጠየቀችው ለቀበሌ ሊቀመንበርነት የምትወዳደረውን ፌሊን አልነበረም። ፌሊ ገና ጎረቤት ደጃፍ ላይ ቆማ እያወራች ነው። የተጠየቀችው የፌሊ ልጅ ጄርሊን ናት። ጄርሊን እናቷ ቤት ለቤት ስትዞር ሰዉ የሚለውን በደብተር እየጻፈች ትከተላታለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጽሕፈቷ ያምራል።

ኦሳንግ መሬት ላይ ተቀምጣ በቢላ ጫፍ ሥጋውን ከዛጎሉ እየፈለቀቀች ነበር። ስታወራም እጇ ሥራውን አላቋረጠም። «እናትሽ የዛጎል ሜዳው ሦስት ዓመት ይዘጋ ትላለች አሉ። እኔ ጀልባ የለኝ። ባሌን ባሕር በልቶብኛል። ያለኝ ነገር ውሃው ሲሸሽ እዚያ ወርጄ የምለቅመው ነው። ጻፊው። መልሱንም ይዘሽልኝ ነዪ።»

ጄርሊን ጻፈችው።  ከኦሳንግ ጀርባ፣ ጓዳው በር ላይ፣ ዲቪና ቆማ ታያታለች። ዲቪና የኦሳንግ የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ ከጄርሊን ጋር ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። 

ቤት ሲገቡ ፌሊ በጣቶቿ እየቆጠረች ለልጇ አስጻፈቻት። ፌሊ ማንበብና መጻፍ የተማረችው በቅርቡ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሌሎች ጎልማሶች ጋር። የዕጩነቱን ቅጽ በራሷ እጅ ለመሙላት አንድ ሙሉ ጠዋት ፈጅቶባታል። ግድግዳ ላይ ለሚለጠፈው ትልቅ ወረቀት ግን «ያንቺ ጽሕፈት ይሻላል፣ የኔ እኮ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው» አለች።

«አንደኛ፣» አለች አውራ ጣቷን ይዛ። «የዛጎል ሜዳው ሦስት ዓመት ይዘጋል። ለመረብም፣ ዓሣ ለሚገደልበት ፈንጂም፣ ለለቃሚም። ሁለተኛ፣ የበረዶ ቤት፤ ዓሣችን እስኪሸት ጠብቆ በፈለገው ዋጋ የሚወስድብንን ነጋዴ ከመለማመጥ እንድንገላገል። ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤቱ ጋ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ። አራተኛ፣ ለወላድና ለታመመ ሰው ጀልባ። አምስተኛ፣ የቀበሌው ስብሰባ ሊቀመንበሩ ሳሎን ውስጥ መሆኑ ይቅርና ሁሉም በሚሰማበት የቅርጫት ኳስ ሜዳው ላይ ይሁን።»

«የመጀመሪያውን መጨረሻ ብናደርገውስ?» አለች ጄርሊን።

«ለምን?»

«ሰው ይቀየማል።»

«ይቀየም። ዓሣ ከሌለ ሌላው ሁሉ ምን ያደርጋል? በረዶ ቤት ሠርተን በረዶ ልንበላ ነው?»

በካንላባስ ደሴት የዕጩ ወረቀት ቀልድ አይደለም። የሚጠጣው ውሃ ከማዶ በጀልባ ነው የሚመጣው። ሰዉ ጀሪካኑን ደርድሮ ወረፋ ሲጠብቅ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ያነባል፣ ማንበብ ለማይችለው ያነብለታል፣ ይከራከርበታል። ምርጫው ካለፈም በኋላ ወረቀቱን ማንም አያነሳውም። ዝናብ እስኪያጥበው እዚያው ይቆያል፤ ሊቀመንበሩ ባለፈ ቁጥርም በጣት ያሳዩታል።

በማግስቱ ሁለቱ ልጆች ሰባት ትልልቅ ወረቀቶች መሬት ላይ ዘርግተው ሥራ ጀመሩ። ዲቪና በማስመሪያ መስመር ታሰምራለች፣ ጄርሊን በማርከር ትጽፋለች። የእናቷን ስም በቀይ ጻፈችና ወደ ታች ወርዳ «1» ስትል ዲቪና ማስመሪያውን አስቀመጠች።

«እሱን ተዪው።»

«የቱን?»

«የማታውቂ አትምሰዪ። ደብተሬ፣ ዩኒፎርሜ፣ ይሄ ጫማዬ፣ ሁሉም በዛጎል ነው የተገዛው። ሜዳው ከተዘጋ እኔ ትምህርት አቆማለሁ። አክስቴ ሴቡ ከተማ የሰው ቤት ነው የምትሠራው። እኔንም ልታስገባኝ ቦታ አይታልኛለች።»

«እናቴ ትገድለኛለች።»

«ታነበዋለች እንዴ? ስሟን ካየች ይበቃታል።»

ጄርሊን ቀና ብላ አየቻት። ዲቪና ዓይኗን ሰበረች። «ይቅርታ። ለስድብ ብዬ አይደለም።»

ጄርሊን ማርከሩን ወደ ወረቀቱ አስጠጋች። የማርከሩ ሽታ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። ከዚያ ከ«1» ጎን «የበረዶ ቤት» ብላ ጻፈች። ሌሎቹንም አንድ አንድ ደረጃ ወደ ላይ አወጣቻቸው። አምስተኛው ቁጥር ባዶ ቀረ።

«ለኳስ ሜዳው ጣሪያ እሠራለሁ በዪ፣» አለች ዲቪና።

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀባቸው።

ፌሊ ከውጭ ስትመለስ ወረቀቶቹ በሰልፍ ተዘርግተው አገኘቻቸው። አጎንብሳ በቀይ የተጻፈውን የራሷን ስም በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ቁጥሮቹን ቆጠረች። አምስት ናቸው። «ጎሽ ልጆቼ፣» ብላ የሁለቱንም ግንባር ሳመች።

ሦስት ቀን ሳይሞላ ወረቀቱ ሥራውን ሠራ።

«አንቺ ልጅ፣ የእናትሽ ነገር ገብቶኛል፣» አሏት ኖንግ ሩፎ የሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ፣ የውሃ ወረፋ ላይ። «ፌሊ ሜዳውን ልትዘጋባችሁ ነው እያሉ ሲያስፈራሩን የከረሙት የሲንቶ ሰዎች ናቸው። ይኸው ወረቀቷ። የታለ? እኔ ቤት ስድስት መራጭ አለ። ስድስታችንም ለሷ ነን።»

ሰዉ «ካፕ» የሚለው ሲንቶ ዘጠኝ ዓመት ሊቀመንበር የሆነው ሰውዬ ነው። ወረፋ የተያዘባት የውሃ ጀልባም የእሱ ናት። ስለዚህ ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

«ጣሪያው ደግሞ አሪፍ ነው፣» አለ ኳስ በብብቱ የያዘ ጎረምሳ። እሱ ድምፁን ዝቅ አላደረገም። «ናንግ ፌሊ እንዲህ ነቄ ናት እንዴ?»

ጄርሊን ፈገግ ለማለት ሞከረች። ጀሪካኗን አንድ እርምጃ ወደፊት ገፋች።

«አየሽ?» አለቻት ዲቪና፣ ጀሪካናቸውን ተሸክመው ሲመለሱ። «ልታሸንፍ ነው። አንቺ ብቻ ጭጭ በዪ።»

«ቅዳሜ ኳስ ሜዳው ላይ ትናገራለች። መጀመሪያ የምትለው እሱን ነው።»

«እንዳትለው ንገሪያታ።»

«እናቴን? አታውቂያትም?»

«እንግዲያው አታካብጂው። ማይክ ላይ የተባለውን ማን ይሰማል?»

ቅዳሜ ጠዋት ፌሊ ዓሣ እያሰጣች በጣቶቿ ትለማመድ ነበር። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሃል ጣት። ጄርሊን አጠገቧ ቆማ የተሰጣውን ትገለብጣለች። ሦስት ጊዜ እናቷን «ናናይ» ብላ ጠራቻት። ሦስቱንም ጊዜ እናቷ «ወዬ» አለቻት። በመጀመሪያው «ጨው አልቋል» አለች። በሁለተኛው «ቀሚስሽን ተኩሼዋለሁ» አለች። በሦስተኛው «ፀሐዩ በረታ» አለች።

ፌሊ ሳቀች። «ከኔ ይልቅ አንቺ ፈራሽ እኮ። ሰሞኑን እኮ ሰዉ ሁሉ ሰላም እያለኝ ነው፣ ፊቱን ያዞርብኝ የነበረው ሳይቀር። ሜዳው ይዘጋ ስል የሚጠሉኝ መስሎኝ ነበር። ሰው ከምናስበው በላይ አስተዋይ ነው፣ ጄርሊን።»

ጄርሊን ዓሣውን ሁለተኛ ገለበጠችው። መገልበጥ አያስፈልገውም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኳስ ሜዳው ጢም አለ። ካፕ ሲንቶ መጀመሪያ ተናገረ። ከከተማ ባለሀብት እንደሚያመጣ፣ ሆቴል እንደሚሠራ፣ ወጣቱ ሁሉ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሥራ እንደሚገባ። ሰዎቹ አጨበጨቡለት። ቀጥሎ ፌሊ ማይኩን ያዘች።

«አንደኛ፣» አለች አውራ ጣቷን አንስታ። «የዛጎል ሜዳው ሦስት ዓመት ይዘጋል።»

 ከኋላ ጉርምርምታ ተነሳ።

«ከየት የመጣ ነው ይሄ?»

«ወረቀትሽ ላይ የለም፣ ናንግ ፌሊ።»

«ጣሪያውስ?» አለ ኳስ የያዘው ጎረምሳ።

«የምን ጣሪያ?» አለች ፌሊ።

ሳቅ ሆነ። ካፕ ሲንቶ ከወንበሩ ሳይነሳ ሌላውን ማይክ ተቀበለ። «አይዞሽ ፌሊ። ለግድግዳው አንድ፣ ለማይኩ አንድ አዘጋጅተሽ ይሆናል። ወይስ የራስሽን ወረቀት ማንበብ አቃተሽ?»

አሁን የሳቀው ሰው ትንሽ ነው፣ ግን ሳቁ የከፋ ነበር። ኖንግ ሩፎ ባርኔጣቸውን አንስተው ለመሄድ ተነሡ። ፌሊ ዞረችና ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ተጠጋች። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ቃል በቃል፣ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ያ ሁሉ ሕዝብ አንብባ እስክትጨርስ ጠበቃት። ለጄርሊን ያቺ ጊዜ ከአንድ የትምህርት ዓመት ትረዝም ነበር።

አንብባ ስትጨርስ ፌሊ ልጇን ፈልጋ አየቻት። አንዴ ብቻ። ከዚያ ማይኩን አፏ ላይ አደረገች።

«ወረቀቱ የኔ ነው፣» አለች። «ስሜ አለበት። ጥፋቱም የኔ ነው።»

ዲቪና የጄርሊንን እጅ ጨበጠች። «እንዳትሄጂ፣» አለቻት በሹክሹክታ። «በናትሽ።»

ጄርሊን ጣቶቿን አንድ በአንድ አስለቀቀች። በሰዉ መሃል ስታልፍ አንዱ «ልጇ ናት» ሲል ሰማች። እናቷ ማይኩን ልትሰጣት አልፈለገችም፤ ትንሽ ተሳሳቡ።

«እናቴ ያለችኝን አይደለም የጻፍኩት፣» አለች ጄርሊን፤ ድምጿ ከማጉያው ወጣ። «ሜዳው ይዘጋል ብላ አስጽፋኛለች። አንደኛ ነው ብላኛለች። እኔ ተውኩት። ጣሪያውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እሷ ጣሪያ የሚባል ነገር አላወራችም።»

«ማን ነው ተዪው ያለሽ?» አለ ካፕ ሲንቶ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፣ ልክ ለሕፃን እንደሚያወሩት።

ዲቪና አንገቷን ደፍታለች። ጄርሊን ወደዚያ ላለማየት የኳስ ቅርጫቱን አየች።

«የኔ እጅ ነው የጻፈው፣» አለች።

ናንግ ኦሳንግ ከሴቶቹ መሃል ተነሣች። «ያን ዕለት ያልኩሽን ለእናትሽ አድርሰሻል?»

«አላደረስኩም።»

«እንግዲያው ራሴ ልጠይቃት። ፌሊ፣ ባሕሩ ሲቆጣ እኛ ምን እንብላ?»

«አራት የሜዳው ጠባቂ ይቀጠራል፣» አለች ፌሊ። «የቀበሌው በጀት አራት ሰው ይችላል። የሚቀጠሩት ከለቃሚዎቹ ነው።»

«እኛ ሠላሳ ነን።»

«አውቃለሁ።»

«ሃያ ስድስቱስ?»

ፌሊ ማይኩን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ለሁሉም መልስ የለኝም፣ ኦሳንግ። አለኝ ብልሽ እዋሽሻለሁ። ልጆች ሳለን ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ሳይደርስ ባልዲያችን ይሞላ ነበር። አሁን እስከ ወገብሽ ገብተሽ ግማሽ ጣሳ ነው የምታወጪው። ይሄን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።»

ኦሳንግ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ማንም አላጨበጨበም። ኖንግ ሩፎ ባርኔጣቸውን አደረጉና ሄዱ።

ፌሊ ከፊት ከፊት ወደ ቤት ሄደች። ጄርሊን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ ተከተለቻት። ብትቆጣት፣ ብትመታት ይሻላት ነበር። በራቸው ላይ ሲደርሱ እናቷ ጫማዋን እያወለቀች፣ «ሰባት ናቸው አይደል?» አለች።

«ሰባት ናቸው።»

«ሌላ ወረቀት መግዣ የለኝም።» ይህን ብላ ገባች።

እሑድ ጠዋት ማንም ሳያዛት ጄርሊን ማርከሩንና አንድ በርጩማ ይዛ ወጣች። የውሃ ጀልባዋ ገና መድረሷ ስለነበር ወረፋው ረጅም ነው። ከተሰለፉት አንዷ ዲቪና ናት። ጄርሊን በርጩማውን ከግድግዳው ሥር አስቀመጠችና ወጣችበት። ጣሪያውን ሰረዘችው። ቁጥሮቹን አስተካከለች። ከእናቷ ስም በታች በቀረችው ጠባብ ቦታ «የዛጎል ሜዳው ሦስት ዓመት ይዘጋል» የሚለውን አጠጋግታ ጻፈች። ከኋላዋ አንድ ሰው ለማያነቡት ጮክ ብሎ ሲያነብላቸው ሰማች።

ስትወርድ ዲቪና አጠገቧ ቆማለች።

«ሰኞ ሌላ ዴስክ ፈልጊ፣» አለቻት። አልጮኸችም።

ጄርሊን ማርከሩን ከደነችና በርጩማውን አንስታ ወደ ሁለተኛው ግድግዳ ሄደች።

ፌሊ በዘጠኝ ድምፅ ብልጫ አሸነፈች። የዛጎል ሜዳው የገና በዓል ካለፈ በኋላ ተዘጋ። አራቱ ጠባቂዎች ኳስ ሜዳው ላይ ሁሉም እያየ በዕጣ ተመረጡ። የኦሳንግ ስም አልወጣም። ኦሳንግ የሰው ዓሣ እያሰጣች ከትንንሾቹ ልጆቿ ጋር ካንላባስ ቀረች። ጄርሊንም ቀረች። ዲቪና በጥር አጋማሽ በውሃ ጀልባዋ ወደ ሴቡ ሄደች።