የቡሹሎዋ መምህርት ደብተር

ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር ተክሌ እሁድ ረፋድ ላይ፣ ሐይቅ ዳር ባለው ቤታቸው፣ በመጻሕፍት ክፍላቸው ወለል ላይ ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው መሰላል ወድቋል። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ያገኘቻቸው ልጃቸው ሩሀማ ናት።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሳያት መሰላሉን ትታ ወደ ላይኛው መደርደሪያ አንጋጠጠች። አቧራው አልተነካም።

«አባትሽ መሰላል ይወጡ ነበር?»

«ከፋሲካ ወዲህ ስለሚያዞረው ነክቶት አያውቅም። የላዩን ሁሉ የማወርድለት እኔ ነኝ።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔና መምህርት ገነት ብቻ። ሌላ የሚጠይቀን ሰው አልነበረም።»

ተክሌ የአካባቢው ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ሒሳብን እንዴት ሲያስተምሩ እንደኖሩ ታሪክ ይጽፉ ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ ያረጁ ፈተናዎችና የክፍል ፎቶግራፎች ተከምረዋል። የመጨረሻው ምዕራፍ ግን ርዕስ ብቻ ነበረው፤ «በሲዳሙ አፎ መቁጠር» ይላል፤ በሲዳማ ቋንቋ ማለት ነው።

ሳያት ቡሹሎ መንደር ወርዳ ጡረተኛዋን መምህርት ገነትን አነጋገረች።

«ቅዳሜ ከሰዓት ደብተሬን ለተክሌ ሰጠሁት» አለች ገነት። «የአንደኛ ክፍል ልጆች በአማርኛ መደመር ግራ ሲገባቸው ጊዜ፣ ገና ሳይፈቀድ በሲዳሙ አፎ ያዘጋጀሁት ትምህርት ነው። ሽፋኑ ድሮ ነው የተቀደደው። ተክሌ እዚያው ፊቴ በሰማያዊ ወረቀት ሸፈነልኝ።»

«አሁን ቤቱ ውስጥ የለም።»

የገነት ፊት ተለወጠ።

«ከዚያ በፊት ማን አይቶታል?»

«በርናባስ ብቻ። ተለማማጅ መምህር ሳለ ለሳምንት አውሼው ነበር።»

በርናባስ ዛሬ የኮሌጅ መምህር ነው። በሲዳሙ አፎ ባሳተመው የሒሳብ ማስተማሪያ ስሙ ተጠርቶ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሊሸለም ነበር።

«መምህር ተክሌን መቼ አዩዋቸው?» አለችው ሳያት ቢሮው ገብታ።

«ካየኋቸው ዓመት አልፎኛል። እሁድም ከቤቴ አልወጣሁም።»

«የመምህርት ገነት ደብተር ጠፍቷል።»

«ታዲያ እኔን ምን አገባኝ? አንድ ሰማያዊ ደብተር ምን ያደርግልኛል?»

ሳያት አመስግናው ወጣች።

ማክሰኞ ሩሀማን፣ ገነትንና በርናባስን በሟቹ መጻሕፍት ክፍል ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል።

«መሰላሉ እዚህ የተጣለው መምህር ተክሌ ከላዩ የወደቁ ለማስመሰል ነው» አለች። «ሩሀማና መምህርት ገነት መሰላል እንደማይወጡ ያውቃሉ፤ እነሱ ቢሆኑ ሌላ ዘዴ ይፈልጉ ነበር። ይህን ያደረገው ከፋሲካ ወዲህ እዚህ ቤት ያልመጣ ሰው ነው። የጠፋው ደግሞ ደብተሩ ብቻ ነው። መምህርት ገነት፣ ደብተርዎ ውስጥ ያለው የአሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ስንት ነው?»

«ሠላሳ ስድስት። ደብተሬ ላይ ግን ሆን ብዬ ሠላሳ ስምንት ብያለሁ፤ ሳያስብ የሚቀዳ ተማሪ እንዲታወቅ።»

ሳያት ከሟቹ ጠረጴዛ ላይ የበርናባስን መጽሐፍ አንስታ ገለጠች። «እዚህም ሠላሳ ስምንት ነው። መምህር ተክሌ በእርሳስ አክብበውበታል።»

«በአንድ ቁጥር ሰው ነፍሰ ገዳይ ይባላል?» አለ በርናባስ ብድግ ብሎ።

«አይባልም። ግን ደብተሩ ሰማያዊ መሆኑን ማን ነገረዎት?»

«ያኔ... ስዋሰው አይቼዋለሁ።»

«ያኔማ ራቁቱን ነው የሰጠሁህ» አለች ገነት በዝግታ።

«ሰማያዊ የለበሰው ቅዳሜ ከሰዓት ነው» አለች ሳያት። «መምህር ተክሌ የሞቱት እሁድ ጠዋት። በመካከሉ እዚህ ክፍል ገብተዋል።»

በርናባስ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

«ደውለው እውነቱን ራስህ ተናገር አሉኝ። መጥቼ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። ደብተሩን ልነጥቅ ስል አልለቅም ሲሉ ገፋኋቸው። ጭንቅላታቸውን ጠረጴዛው መታቸው፤ ወዲያው ሞቱ።»

«ወዲያው አልሞቱም። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም እንዳለው አንድ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበሩ። እርስዎ መሰላሉን አጠገባቸው ሲጥሉ ይተነፍሱ ነበር።»

ሩሀማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ገነት ተነሥታ በርናባስ ፊት ቆመች።

«መጽሐፍ ላውጣበት ብትለኝ ኖሮ ውሰደው ነበር የምልህ» አለችው። «ልጆቹ ይማሩበት እንጂ እኔ ስሙን ምን አደርገዋለሁ?»

በርናባስ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ ሲያስነሳው፣ ደብተሩ በመኪናው ወንበር ሥር እንዳለ የነገረው ለሳያት ሳይሆን ለገነት ነበር።