ከማሻሻያው የተረፉት ፋይሎች

ኢያሱ የተገኘው እሁድ ረፋድ ላይ፣ ጉርድ ሾላ ካለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ፣ ሰርቨሮቹ ካሉበት ክፍል በር ሥር ተደፍቶ ነው። ጥፍሮቹ ተሰባብረዋል፤ በሩም ከውስጥ ተቧጭሯል። የገደለው ክፍሉ ውስጥ የተገጠመው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ነው፤ እሳት ግን አልነበረም።

ኢንስፔክተር ፈሂማ ከሟቹ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። አነበበችውና ለማንም ሳታሳይ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«አደጋ ነው» አሉ ሥራ አስኪያጁ አቶ ገብረየስ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «ጠዋት ሰርቨሩን ወደ አዲሱ ሲስተም ሲያሻሽል ነበር። ማሻሻያው የበሩንና የእሳት ደወሉን ቅንብር ቀይሮት ይሆናል።»

ፈሂማ ወደ ሟቹ ባልደረባ ወደ ሰምሃል ዞረች። የልጅቷ ዓይኖች በለቅሶ ቀልተዋል።

«ማሻሻያው ካለቀ በኋላ ምን ሥራ ይቀረዋል?»

«ጽዳት። በእጃችን የቀየርናቸውን የቅንብር ፋይሎች ሲስተሙ አይጥላቸውም። ‹አሮጌ› ብሎ ወደ ጎን ያስቀምጥና በቦታቸው ከአምራቹ ጋር የመጣውን፣ የፋብሪካውን ቅንብር ይተካል። ኢያሱ የተረፉትን አንድ በአንድ አንብቦ ነው የሚያጠፋቸው። ይኸው፣ ስክሪኑ ላይ ስድስት አሉ።»

«የፋብሪካው ቅንብር ደወሉን ዝም ያሰኛል?»

«ኧረ በፍጹም! መጀመሪያ ሠላሳ ሰከንድ ይደውላል፣ በሩን ይከፍታል፤ ጋዙ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው።»

ፈሂማ ወደ ተቧጨረው በር ተመለከተች። ይህን ሰው ማሻሻያው አልገደለውም።

የኢሜይል ኃላፊው ተስፉ አያት ሰፈር ካለው ቤቱ ተጠርቶ ሲመጣ ወደ ሰርቨር ክፍሉም ወደ ኮምፒውተሮቹም አላስጠጋችውም። ኮሪደሩ ላይ አነጋገረችው።

«ከዓርብ ወዲህ ድምፁን እንኳ አልሰማሁም» አለ። «ዛሬም ከቤት አልወጣሁም። ያሳዝናል፤ ሰባቱን ፋይሎች አጽድቶ መውጣት ብቻ ነበር የቀረው።»

ከቀትር በኋላ ሦስቱንም ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ከታች ባቡሩ እያፏጨ አለፈ።

«ማሻሻያው ደወሉን ወደ ደህናው ቅንብር መልሶት ነበር» አለች። «ስለዚህ ከዚያ በኋላ ሰው በእጁ አጥፍቶታል፤ በሩን ቆልፎ ጋዙን ለቋል። ለምን? ይህ ከኢያሱ ኪስ የተገኘ ነው፤ ማሻሻያው እንዳለቀ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያተመው ዝርዝር። ሰባት ፋይሎች አሉበት። ኮምፒውተሩ ላይ ያሉት ግን ስድስት ናቸው። የጠፋው የኢሜይሉ ቅንብር ፋይል ነው። አጠገቡ በእስክርቢቶ ‹የደንበኞቻችን ደብዳቤ ሁሉ በድብቅ ወደ ውጭ ይላካል› ብሎ ጽፏል።»

አቶ ገብረየስ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ።

«ወረቀቱን ከእኔ በቀር ያየ የለም። ሰምሃል ያየችው ስድስት ነው። አቶ ገብረየስ፣ እርስዎም ከእሷ የሰሙት ስድስት ነው። ተስፉ፣ ከቤት ካልወጣህ ሰባት መሆናቸውን ማን ነገረህ?»



«ራሱ ደውሎ ጠራኝ» አለ ተስፉ። «‹ለጋሽ ገብረየስ ከመንገሬ በፊት ና አስረዳኝ› አለኝ። ስህተት ይሆናል ብሎ።»

ሰምሃል ከመቀመጫዋ ተነሳች። 

«እና እያንኳኳ ነበር፤ አንተ ውጭ ቆመህ እየሰማኸው?»

ተስፉ ሁለት እጆቹን ወደ ጆሮዎቹ አነሳ። ፈሂማ ካቴናውን ያሰረችለት እንደዚያው እንዳለ ነው።